የመታጠቢያ ቤት መብራት ሲያስቸግር፦ ኤሌክትሪሺያን ከመጥራቴ በፊት ያደረግኩት

የመታጠቢያ ቤታችን መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ካቻቪቴም ቴስተርም ሳላነሳ መጀመሪያ ያየሁት መቼ መቼ እንደሚያስቸግር ነው። ብዙ ሰው በቀጥታ አምፖል ይቀይራል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ሲሆንበት ግራ ይገባዋል። መብራቱ የሚያስቸግርበት አጋጣሚ ግን ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ግማሹን ይነግራችኋል።

ማብሪያ ማጥፊያውን ጫን ሲሉት የሚበራ፣ ሲለቁት የሚጠፋ ከሆነ ወይም ከውስጡ የመንጣጣት ድምፅ ካለ ችግሩ ማብሪያው ራሱ ወይም ከጀርባው የላላ ብሎን ነው። ሰው ከታጠበ በኋላ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ እንፋሎት ሆልደሩ (አምፖሉ የሚገባበት ዕቃ) ውስጥ ገብቷል። ጠፍቶም ጭል ጭል የሚል ኤልኢዲ አምፖል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመው ማብሪያው ፌዙን (ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) እንደሚቆርጥ ነው። ይህ መስተካከል አለበት፤ ምክንያቱም መብራቱ ጠፍቶም ሆልደሩ ላይ ኮረንቲ አለ። በቤቱ ሁሉ አንዳንዱ አምፖል ከልክ በላይ ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ ደግሞ ነገሩ የመታጠቢያ ቤት ጉዳይ አይደለም። የገቢው ኒውትራል ላልቷል ወይም ተቆርጧል ማለት ስለሆነ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ 905 መደወል ነው፤ ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚያቃጥለው እሱ ነው።

የእኛ ቤት መብራት የሚያስቸግረው ቦይለሩ ሲበራ ነበር። ቦይለሩ ሲጠፋ መብራቱ ሰላም ነው።

ያም ሆኖ ከቀላሉ ጀመርኩ። ብሬከሩን አጥፍቼ አምፖሉ ሲቀዘቅዝ ነቀልኩትና በደህና ከሚሠራው የመኝታ ቤት አምፖል ጋር አቀያየርኳቸው። ይህ አዲስ ከመግዛት ይሻላል፤ የተረጋገጠ አምፖል ነውና ጥርጣሬ አያስቀርም። የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል መኝታ ቤት በደህና ሠራ፣ የመኝታ ቤቱ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ብልጭ ድርግም አለ። ስለዚህ አምፖሉ ነፃ ነው። በነገራችን ላይ፣ ድፍን ብርጭቆ ባለው የመታጠቢያ ቤት መብራት ውስጥ ኤልኢዲ ቶሎ ቶሎ የሚሞተው ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ነው። ከአምፖሉ ግርጌ ያለችው ትንሿ ካፓሲተር በሙቀት ትደርቃለች። እንዲህ ያለ መብራት ውስጥ ከ12 ዋት አምፖል ይልቅ ባለ 7 ወይም ባለ 9 ዋቱ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል።

ቀጥሎ ሆልደሩ። በሚሽከረከረው ሆልደር መሃል ያለችው የመዳብ ምላስ ስትተኛ አምፖሉን በደንብ አትነካውም። ብሬከሩ እንደጠፋ በትንሽ ካቻቪቴ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቀና ማድረግ ነው። ምላሷ ከጠቆረች ወይም ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ግን መጠገን ትርፍ የለውም፤ ሆልደሩን ቀይሩት። ስትቀይሩ ፌዙ ወደ መሃሏ ምላስ፣ ኒውትራሉ ወደ ጥርሱ መግባት አለበት። ሲገለበጥ መብራቱ ይበራል፤ ነገር ግን አምፖል ሲቀይር ጥርሱን የነካ ሰው ኮረንቲ ይይዘዋል። የሽቦ ቀለምን አትመኑ። ፌዝ በሰማያዊ፣ ኒውትራል በቀይ ተስቦ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው።

የእኛው ሆልደር ንጹሕ ነበር። ማብሪያውም ከጀርባው ጥብቅ ነው። ቀሪው መስመሩ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቴስተር ካቻቪቴ አንድ ነገር ልበል። ቴስተር ፌዝን ያሳያል እንጂ ኒውትራል ስለመኖሩ አይነግርም። አምፖሉ እንደገባ፣ ማብሪያው እንደበራ ከሆልደሩ ጀርባ ያሉት ሁለቱም ብሎኖች ቴስተሩን ካበሩት ኒውትራሉ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ፌዙ በአምፖሉ በኩል አልፎ ማዶ ይታያል። ሁለቱም ካላበሩት የጠፋው ፌዙ ነው፤ ወደ ማብሪያውና ወደ ብሬከሩ ተመለሱ። አንዱ ብቻ ካበራውና መብራቱ ግን ካልበራ ወደ አምፖሉና ወደ ምላሷ ተመለሱ። ይህን የምትሞክሩት ወለሉ ደርቆ፣ ጫማ አድርጋችሁ፣ ደረቅ የእንጨት በርጩማ ላይ ቆማችሁ በአንድ እጅ ብቻ ነው። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር የሚሆን ከሆነ ይቅር።

የላላን ኒውትራል ለማግኘት ግን መልቲሜትር ያስፈልጋል። ኤሲ ቮልት ላይ፣ 600 ወይም 750 በሚለው አድርጋችሁ፣ ቀዩ ገመድ የቮልት ቀዳዳ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሆኖ ፌዝና ኒውትራል ከነካ ሾርት ነው፤ ፊቱ ላይ የሚፈነዳበት ሰው አለ። ሆልደሩ ላይ ስለካ ቦይለሩ ጠፍቶ 216 ቮልት አነበበ፤ ቦይለሩ ሲበራ ወደ 203 ወረደ። ሳሎን ሶኬት ላይ ደግሞ በዚያው ቦይለር የወረደው 3 ቮልት ብቻ ነው። ቀሪው 10 ቮልት የጠፋው በብሬከር ሳጥኑና በመታጠቢያ ቤቱ መካከል ነው።

10 ቮልት ትንሽ ይመስላል። ባለ 2000 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል። 10 ቮልት በ9 አምፔር ሲባዛ 90 ዋት ነው፤ የድሮው ትልቅ አምፖል የሚያወጣው ሙቀት አንዲት ጠባብ ስካቶላ (ሽቦዎች የሚገናኙባት ሣጥን) ውስጥ ታፍኖ ማለት ነው። ብልጭ ድርግም የሚል መብራትን ችላ ማለት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። አምፖሉ ራሱ የሚስበው ከአንድ አምፔር አሥረኛ ስለማይበልጥ ምንም አያሞቅም። የሚያሞቀው ከጎኑ ያለው ቦይለር ነው፤ መብራቱ በዚያው ኒውትራል ላይ ስለተጠመደ ብቻ ምልክቱን ያሳያል።

ስካቶላውን ለመክፈት የመብራቱን ብሬከር ብቻ ማጥፋት አይበቃም። እነዚህ ብሬከሮች የሚቆርጡት ፌዙን ብቻ ነው። የመብራቱ ብሬከር ጠፍቶ ቦይለሩ ቢበራ የጋራው ኒውትራል ሲፈታ የላላው ጫፍ 220 ቮልት ይይዛል። ስለዚህ ዋናውን አጠፋሁ፣ ላዩ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ ለቤተሰቡም ተናገርኩ። ከዚያ ቴስተሩን ቀድሞ ኮረንቲ ባለበት ሶኬት ላይ ሞክሬው ስለነበር ስካቶላው ውስጥ አለመብራቱን አምኜ ተቀበልኩ። መብራት ስለሄደ ብቻ ብሬከር ሳያጠፉ ሥራ መጀመር የለም። መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ በጄኔሬተር የሚመጣበት ግቢም አለ።

ውስጡ ያለው እንደጠበቅኩት ነው። አንድ ባለ 2.5 እና ሁለት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በእጅ ተጠማዝዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ፕላስተሩ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተሰባበረ፣ መዳቡ ጠቁሯል፣ የሽቦው ልብስ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠንክሯል። የጠቆረውን ማጥበቅ አይጠቅምም፤ የጠቆረ መዳብ ተመልሶ ይሞቃል። የሚያብለጨልጭ መዳብና ለስላሳ ልብስ እስኪገኝ ቆረጥኩት፣ ከ10 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ላጥኩት፣ ባለ 32 አምፔር ተጫኝ ክንፍ ባለው ማገናኛ ውስጥ እያንዳንዱን ለየብቻው አስገባሁ። ባለ ብሎኑ ማገናኛ፣ ሞርሴቶም ይሆናል፤ ነገር ግን ወፍራምና ቀጭን ሽቦ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሲገቡ ብሎኑ ወፍራሙን ብቻ ስለሚይዝ ቀጭኑ ይላላል። ከገባ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርጎ መፈተሽ ግዴታ ነው። ሽቦው አጥሮ ከተወጠረ እዚያው መቆም ይሻላል።

መልሼ ስለካ ቦይለሩ በርቶ ሆልደሩ ላይ የወረደው 4 ቮልት ብቻ ሆነ። መብራቱም ተረጋጋ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለኤሌክትሪሺያን ተውኩት። ቦይለር የራሱ ፌዝ፣ የራሱ ኒውትራልና የራሱ የመሬት ሽቦ (ኤርዝ) ኖሮት ከብሬከር ሳጥኑ መሳብ አለበት፤ መብራት ከሱ ጋር ኒውትራል መጋራቱ ከመሠረቱ ስህተት ነው። በሽቦ ማስገቢያ ቧንቧ ውስጥ አዲስ ሽቦ መሳብ ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። ብሬከሩ እንደተመለሰ ወዲያው የሚወርድ ከሆነ፣ የቃጠሎ ሽታ ካለ፣ ቧንቧ ወይም ሻወር ሲነኩ የሚነዝር ከሆነ፣ ወይም ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እርጥበት ካለና ውሃው ከላይኛው ፎቅ ወደ መብራቱ የሚወርድ ከሆነም እንዲሁ ምንም ሳይከፍቱ ዋናውን አጥፍቶ መጥራት ነው። በመጨረሻው ጉዳይ ላይማ ከኤሌክትሪሺያኑ በፊት የሚፈለገው የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

ስልክ ስደውል የነገርኩት ይህን ነው፦ መብራቱና ቦይለሩ ኒውትራል ይጋራሉ፣ ግንኙነቱ ተቃጥሎ ተቀይሯል፣ ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ቦይለሩ 11 ሜትር ነው። የስካቶላውን ፎቶም ላክሁ። እሱም ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በሦስት ቀለም፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከርና የ30 ሚሊ አምፔር ኤርዝ ሊኬጅ (ኮረንቲ ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከር) ይዞ መጣ፤ ለዕቃ መግዣ መመላለስ አላስፈለገም። የመብራቱንም ሽፋን ውሃ ሲረጭበት በማያስገባው፣ አይፒ 44 በሚባለው ቀየርነው።