ከአረንጓዴዋ መብራት ወዲህ

ማክሰኞ ማታ።

ዝናቡ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አላባራም። መብራት ከሄደ አንድ ሰዓት አልፎታል። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል፤ የጎረቤቱ ጄኔሬተር እንኳ ዛሬ አልተነሳም። እንዲህ ባለ ማታ ልቤ ያለ ምክንያት እንደሚከብደኝ ታውቃላችሁ። ሻማ ልለኩስ ተነስቼ መሃል ላይ ቆምኩ። ከበሩ በላይ ያለችው የኢንተርኔቱ ፋይበር ሳጥን አረንጓዴ መብራቷ በርቷል። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚበራ ነገር የለም።

ሳጥኗን የያዛት ከሥሯ ያለው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። መብራቷ የምትናገረው ግን ስለ ባትሪው አይደለም። «ፖን» ተብሎ የተጻፈባት መብራት ሳትርገበገብ ከበራች፣ ከአቅራቢው ድርጅት ጣቢያ በመስታወት ክር የተነሳው ብርሃን እዚህ ደርሷል፣ ሳጥኗም እዚያ ትታወቃለች ማለት ነው። በዚህ ዓይነቱ ፋይበር ከጣቢያው እስከ ቤት ድረስ መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነገር የለም። አንዱን ክር ለ32 ወይም ለ64 ቤት የሚያካፍለው ዕቃ ራሱ የመስታወት ሥራ ነው፤ ሶኬት አያውቅም። ጣቢያው ኃይል እስካለው ድረስ ሰፈሩ ሲጨልም ክሩ አይጨልምም። ይህን ነገር ከልቤ እወደዋለሁ።

ሳጥኗ ግን የኔ አይደለችም። ሻማውን ያስረሳችኝ ይህች ሐሳብ ናት።

ከሳጥኗ አጠገብ ያለው፣ ኢንተርኔቱን ለቤቱ ዕቃዎች የሚያካፍለው ራውተር የኔ ነው። ሳጥኗ የአቅራቢው ድርጅት ናት። በሁለቱ መካከል አንድ ክንድ የማትሞላ ኬብል አለች፤ ድንበሩ እሷ ላይ ነው። ብዙ ሰው «የራሴን ራውተር ልጠቀም» ሲል ሳጥኗን አውጥቶ የራሱን መሰካት ይመስለዋል። አይሆንም። ጣቢያው እያንዳንዷን ሳጥን በመለያ ቁጥሯ፣ አንዳንዴም በምስጢር ቃሏ መዝግቦ ይዟታል። ከገበያ የተገዛ ሌላ ሳጥን ብትሰኩ ብርሃኑ ይደርሰዋል፣ ጣቢያው ግን ስለማያውቀው አያስገባውም፤ መብራቱ ሲርገበገብ ያድራል። ስለዚህ ክሩ በሳጥኗ ላይ ይቆያል፤ የእኛ ነገር የሚጀምረው ከሳጥኗ ወዲህ ነው።

ራውተሩን ለማስቀመጥ ብለው ሳጥኗን ከቦታዋ የሚያነሱ ሰዎች አሉና ስለ ክሩ አንድ ነገር ልበል። ጫፉ ላይ ያለው አረንጓዴ መሰኪያ ፊቱ 8 ዲግሪ ተዘንብሎ የተቆረጠ ነው፤ ሰማያዊ መሰኪያ ካለው ክር ጋር አይጋጠምም። ጫፉን በጣት አትንኩት፣ በዓይን አትመልከቱት፤ ብርሃኑ የማይታይ ስለሆነ ምንም የሌለ ይመስላል። የተረፈውን ክር ስትጠቀልሉ ክቡ ከቡና ሲኒ አፍ ያነሰ አይሁን። ክሩ ሲታጠፍ ብርሃኑ በማጠፊያው በኩል ያመልጣል። በብሮውዘር በሚከፈተው የሳጥኗ ገጽ ላይ የሚደርሳት ብርሃን መጠን በዲቢኤም (የጉልበት መለኪያ፤ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ደካማ ነው) ይጻፋል፤ ከ-8 እስከ -27 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። -19 ወይም -22 ካያችሁ በሰላም ተኙ። -26 የነበረ ሰው ግን ክሩን አንዴ አጥብቆ ቢያጥፈው ቀይዋ መብራት ትበራበታለች፤ ጥፋቱንም በአዲሱ ራውተር ላይ ያላክካል።

ራውተሩን ማገናኛው ሦስት ዓይነት ነው። ቀላሉ ራውተሩን የዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ ማድረግ ነው፦ ዲኤችሲፒውን (ለዕቃዎች አድራሻ የሚያድለውን) ማጥፋት፣ አድራሻውን 192.168.1.2 ማድረግ፣ ኬብሉን ከሳጥኗ ላን (የቤት ውስጡ ቀዳዳ) ወደ ራውተሩ ላን መሰካት፤ ዋን የተባለውን፣ ወደ ውጭ የሚያገናኘውን ቀዳዳ አለመንካት። የሩቁ ክፍል ዋይፋይ ያገኛል። በረኛዋ ግን አሁንም ሳጥኗ ናት።

ሁለተኛው ኬብሉን ዋን ላይ መሰካት ነው። እዚህ የመጀመሪያው ወጥመድ አድራሻ ነው፤ ሳጥኗም ራውተሩም 192.168.1.1 ነን ካሉ ራውተሩ ውጭውን ከውስጡ መለየት ያቅተዋል፣ ኢንተርኔት አይሄድም። የራውተሩን ወደ 192.168.50.1 መቀየር ነው መፍትሔው። አድራሻ ሁለት ጊዜ ስለሚለወጥ ባለሙያዎች «ደብል ናት» (ድርብ የአድራሻ ለውጥ) እያሉ ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። ለማንበብ፣ ለቪዲዮ፣ ከዘመድ ጋር ለማውራት ምንም አይጎድልበትም። የሚያስቸግረው ከውጭ ወደ ቤት የሚገባ ነገር ሲኖር ነው፤ የደጅ ካሜራ፣ አንዳንድ ጨዋታ፣ ከሩቅ ወደ ቤት መረብ የሚያስገባ ቪፒኤን።

ሦስተኛው ብሪጅ ነው፤ ሳጥኗ ብርሃኑን ወደ ኬብል ብቻ ትቀይርና ሌላውን ሁሉ ለራውተሩ ትተዋለች። እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ሰው በጣም የሚጎዳውም እዚህ ነው። ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ይጻፍ፦ የፒፒፒኦኢ (ወደ ድርጅቱ መረብ የመግቢያው አሠራር) ስም፣ ፓስወርዱ፣ የቪላን ቁጥሩ (የኢንተርኔቱን መስመር ከሌላው የሚለየው)። የሳጥኗን የዋን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት። ሪሴት የምትለዋን ቀዳዳ በመርፌ አትንኳት። ሴቲንጉ ሲጠፋ የሚመልሰው የአስተዳዳሪ መግቢያ ብዙ ጊዜ በድርጅቱ እጅ ነው፤ ለእኛ የሚሰጠው መግቢያ ግማሹን ገጽ እንኳ አያሳይም። ብሪጁንም በስልክ ጠይቆ እነሱ ከሩቅ እንዲያደርጉት ማድረግ ይሻላል፤ በእጃችሁ ያደረጋችሁትን ሳጥኗ በርቀት ማስተዳደሪያው በኩል አንድ ቀን መልሳ ልታፈርሰው ትችላለች። የቤት ስልክ በሳጥኗ በኩል የሚሠራ ከሆነ የድምፁ መስመር ለብቻው ነውና አትንኩት፤ ብሪጅ የሚሆነው የኢንተርኔቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ራውተሩ ላይ የዋኑን ዓይነት ፒፒፒኦኢ ብሎ ስምና ፓስወርድ ማስገባት። የቪላኑን ቁጥር ወይ ሳጥኗ ትለጥፋለች ወይ ራውተሩ፤ ሁለቱም ከለጠፉ ወይም ሁለቱም ከተዉት መልስ የሚሰጥ የለም። ስሙም ፓስወርዱም ትክክል ሆኖ ጣቢያው እምቢ ካለ ታገሡ። የድሮው ግንኙነት በወጉ ሳይዘጋ ኬብሉ ሲነቀል፣ ጣቢያው እናንተን ገና እንደገባችሁ ይቆጥራችኋል፤ ለአንድ ስም አንድ መግቢያ ብቻ ከተፈቀደ አሮጌው ጊዜው እስኪያልፍ በሩ አይከፈትም። ሰው በዚህች ደቂቃ ተስፋ ቆርጦ ሪሴቱን ይነካል። ሁሉንም አጥፍቶ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ስንቱን ባዳነ!

ስለ 1492 ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፒፒፒኦኢ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አሠራር ነው፤ በእያንዳንዱ የዳታ እሽግ ላይ 8 ባይት ራስጌ ይጨምራል። በኬብሉ የሚሄደው ኤተርኔት በአንድ እሽግ የሚሸከመው 1500 ባይት ስለሆነ ለእኛ የሚተርፈው 1492 ነው። ራውተሩ ይህን ካላወቀ የሚመጣው በሽታ ግራ የሚያጋባ ነው፦ መልእክት ይሄዳል፣ አንዳንድ ገጽ ይከፈታል፣ ሌላው ግማሽ ላይ ቆሞ ይሽከረከራል፣ የባንኩ ገጽ ጭራሽ አይመጣም። ትንንሹ እሽግ ያልፋል፣ ትልቁ ይወድቃል፤ «በዝቷል፣ ቀንሱ» የሚለውን መልእክት ደግሞ መንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል (የመረብ ዘበኛ) ስለሚያግደው ላኪው ሳያውቅ ያንኑ ደጋግሞ ይልካል። ለመፈተን በኮምፒውተር ፒንግ (የሙከራ እሽግ መላክ) ስታደርጉ መጠኑን 1464 አድርጉና «አትከፋፍል» የሚለውን ምርጫ ጨምሩ፤ ካለፈና 1465 ካላለፈ 1492 ትክክል ነው፤ ልዩነቱ የ28 ባይት ራስጌ ነው። ራውተሩ ላይ ኤምቲዩ (የእሽጉ ትልቁ መጠን) 1492፣ ኤምኤስኤስ (እሽጉ ውስጥ የሚገባው ዳታ መጠን) የሚባል ካለ 1452። ስንት ደህና ራውተር «ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ መደብር ተመልሷል በዚህች 8 ባይት!

ፍጥነቱም እንዲሁ በትንሽ ነገር ይታሰራል። 200 ሜጋቢት የሚከፍል ሰው ሁልጊዜ 94 ላይ የሚቆምበት ከሆነ ጥፋቱ የፋይበሩ አይደለም፤ የራውተሩ ዋን ቀዳዳ ባለ 100 ነው፣ ወይም ኬብሉ ውስጥ ካሉት 8 ሽቦዎች 4ቱ ብቻ ናቸው የተያያዙት። ስትገዙ ዋኑ ጊጋቢት መሆኑን ካርቶኑ ላይ አንብቡ። የሳጥኗን የራሷን ዋይፋይም አጥፉ፤ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሁለት ማሰራጫ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። በብሎኬት ግድግዳ 5 ጊጋኸርዝ ከሁለተኛው ክፍል በላይ ብዙ አይሄድም፤ ለጓሮው 2.4 ይሁን።

ባትሪውን ሳልረሳ። ባለ 9 ቮልትና ባለ 12 ቮልት መሰኪያዎች አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ «ገባ» ብላችሁ አትመኑ፤ በዕቃው ሥር ያለውን ጽሑፍ እዩ። 8800 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው ቁጥር በ3.7 ቮልት የተቆጠረ ነው፤ ሲባዛ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሳጥኗና ራውተሩ አብረው 12 ዋት ከበሉ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልም።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ ለምን እንደምፈልገው ራሴን እጠይቃለሁ። ለፍጥነት አይደለም። ሳጥኗ በረኛ ስትሆን ማን እንደገባ ታውቃለች፤ የቤቱ ስልኮች፣ የእናቴ ታብሌት፣ እንግዳው ይዞት የመጣው ላፕቶፕ በስም ተዘርዝረው በገጿ ላይ አሉ፤ ያን ዝርዝር በርቀት ማስተዳደሪያው በኩል ማንበብ ይቻላል። የራሴ ራውተር ከፊቷ ሲቆም ሳጥኗ የምታየው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ቤተሰቤ ከራውተሩ ኋላ ነው ያለው።

ፍራንክፈርት ያለው ወንድማችን ባለፈው ስንነጋገር ይህ እዚያ የሕግ ጉዳይ መሆኑን አነሳልኝ። ጀርመን ከነሐሴ 1 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደንበኛው የፈለገውን ራውተር እንዲሰካ፣ ድርጅቱም የመግቢያ ስሙንና ቃሉን ሳይጠየቅ እንዲሰጥ በሕግ አድርጋለች። የአውሮፓ ኅብረት የቴሌኮም ተቆጣጣሪዎች አካል የሆነው ቤሬክ ደግሞ በ2020 የድርጅቱ መረብ የሚያልቅባቸው ሦስት ነጥቦች ሊኖሩ እንደሚችሉ አስቀምጧል። አንደኛው ግድግዳው ላይ፣ ክሩ ራሱ በሚሰካበት ነው፤ ሁለተኛው በሳጥኗና በራውተሩ መካከል፤ ሦስተኛው ከራውተሩም ወዲህ፣ ራውተሩ የድርጅቱ ሆኖ። ያን ጊዜ የኔ ኬብል ሁለተኛው ነጥብ ላይ እንዳለች አየሁ። ስም ያላት ቦታ በመሆኗ ደስ አለኝ።

ግን አሁን ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳስበው አልረጋልኝም። ራውተሩ የኔ ቢሆንም የድረ ገጾችን ስም ሰጥቶ አድራሻቸውን የሚጠይቅበት ዲኤንኤስ በነባሪው የእነሱ ነው፤ ያን ልቀይረው እችላለሁ። ዋኑ ላይ የተጻፈው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ ግን የውጭው አድራሻዬ የኔ ብቻ አይደለም፤ ከስንት ቤት ጋር እንደምጋራው አላይም፣ ብሪጅም ቢሆን ካሜራው ከውጭ አይገኝም። ክሩም እዚያው ነው። በአንዲት እንደ ፀጉር በቀጠነች የመስታወት ክር 1490 ናኖሜትሩ ብርሃን ወደ እኔ ይመጣል፣ 1310ሩ ከእኔ ይወጣል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መንገድ፣ ሳይነካኩ። የሚገባውና የሚወጣው አንድ ላይ በሚያልፍበት ነገር ላይ ደጃፉን የት ብዬ ላቁመው?