ቁስሉ ቢወጣም አፉ ይቀራል

ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው ባሕር ዳር ወደሚገኘው ክፍላችን የመጡ አንድ አዛውንት በምላሳቸው ግራ ጎን ቁስል ነበረባቸው። ዳር ዳሩ ያበጠ፣ በጣት ሲዳሰስ የሚጠጥር ነው። በአንድ ቦታ «ጥርሱ ነው የሚፍቀው» ተብሎ ጥርሳቸው ተነቅሏል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ መጉመጥመጫ ተሰጥቷቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፈ። ይህ ያንገበግበኛል፤ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ናሙና ሊወሰድለት ይገባል።

ናሙናውን የወሰድነው ከቁስሉ መሀል አይደለም፤ እዚያ የሞተ ሥጋ ይበዛል። የታመመው ከጤነኛው ከሚገናኝበት ዳር ቆርጠን፣ እንዳይበላሽ ፎርማሊን በተባለው ፈሳሽ ውስጥ ከተትነው። የፓቶሎጂው (ናሙናው በማይክሮስኮፕ የታየበት ምርመራ) ውጤት ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፤ ቀዶ ሕክምናውም በደህና ተጠናቀቀ።

በክትትሉ ቀን ልጃቸው «ዶክተር፣ ይህ ነገር በዘር ወደ እኛም ይመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። አብዛኛው የአፍ ካንሰር ከወላጅ የሚወረስ እንዳልሆነ ነገርኳት። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ እንደ መኪና ፍሬን መባዛትን የሚገቱ ዘረመሎች አሉ። በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ቲፒ53 ዋነኛው ነው፤ ህዋሱ ሲጎዳ መባዛቱን ያስቆመዋል፣ ካልተጠገነም እንዲሞት ያደርገዋል። በ9ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው የፒ16 ዘረመል ደግሞ ብዙ ጊዜ ካንሰር ሳይሆን በፊት፣ ገና አፍ ውስጥ ነጭ ልጥፍ ሆኖ በሚታይበት ደረጃ ይጠፋል። ከእያንዳንዱ ዘረመል ከእናትና ከአባት አንድ አንድ ቅጂ ስላለን፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሊይዝ ይችላል። የሲጋራ ጭስና አልኮል ግን ለዓመታት ሲደራረቡ ሁለተኛውንም ያበላሹታል። አባቷ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲጋራም አረቄም ነበራቸው።

በዚያው መሀል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለአዛውንቱ አዝኖ «ቁስሉ ወጥቷል፤ በዚህ ዕድሜ ሲጋራውን ከሚከለክሏቸው ቢተዉአቸው ምን አለበት?» አለኝ። በደግነት እንደተናገረው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ልስማማ አልቻልኩም። ስሎተር የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ከ700 በላይ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ሕሙማንን መርምረው ነበር። በዕጢው ዙሪያ ለዓይን ጤነኛ የሚመስለው ሽፋንም ተለውጦ አገኙት። ጭሱ የሚያርፈው በአንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለምና፤ ዕጢው ተቆርጦ ቢወጣም በቀረው አፍ ውስጥ አንዱን ቅጂ ያጡ ህዋሶች ይኖራሉ። ማጨስ ማቆም ለሁለተኛ ካንሰር የመጋለጥ ዕድልን ይቀንሳል።

«አባቴ፣ ሲጋራውን ዛሬ ይተዉልኝ» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ ካለቀሰችብኝ ወዲያ ምን አማራጭ አለኝ» አሉ።

ከዚያም ምላሳቸውን በፋሻ ይዤ አነሳሁና ሥሩን አየሁት። ከተቆረጠው ቦታ ርቆ፣ በቀኝ በኩል ከምላሳቸው በታች፣ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ልጥፍ ነበር። ናሙናው ካንሰር አልሆነም፤ ህዋሶቹ ግን መለወጥ ጀምረዋል። ያንንም በጊዜው አነሳነው። ባልደረባዬ የቀጠሮ ካርዳቸውን ተቀብሎኝ የሚቀጥለውን ቀን በራሱ እጅ ጻፈበት፤ ከሥሩም «የምላስ ሥር ይታይ፤ ስለ ሲጋራ ይጠየቁ» የሚል ጨመረበት።