እማዬን ራሷን ያሳመማት የገና መብራት

ባለፈው ዓመት የገና ዋዜማ እማዬ ከሳሎን ተነሥታ ጓዳ ገባች። «ራሴን አመመኝ፣ ያንን መብራት አጥፊልኝ» አለችኝ። ቤታችን ጣፎ ነው። ጥዱን፣ የበረንዳውን ጠርዝና ከበሩ በላይ የሰቀልኩትን ኮከብ በኤልኢዲ ለማስጌጥ አንድ ሳምንት ለፍቼ ነበር። አጠፋሁት። በጣም ከፋኝ። ዘንድሮ ግን ከኅዳር መጀመሪያ አንሥቼ ማታ ማታ አንድ በአንድ ፈተሽኩት። የኤሌክትሪክ ትምህርት የለኝም። ቴስተር፣ ፒንሳና መበየጃ አሉኝ፤ ስሳሳት የሚያርሙኝ ጎረቤትም አሉኝ። እንደኔ በዓል በመጣ ቁጥር መብራት የምትሰቅሉ ካላችሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ችግሩ አንድ መስሎኝ ነው። ሦስቱም ይርገበገቡ ስለነበር «የሰፈራችን ኃይል ነው» ብዬ ደምድሜ ነበር። መብራቶቹ ግን ሦስት ዓይነት ናቸው። የጥዱ ዘለላ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ ይሰካል። የበረንዳው በአዳፕተር የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ጥቅል ነው። የኮከቡ ደግሞ በ5 ቮልት የሚሠራ፣ እያንዳንዱ አምፖል ለብቻው የሚታዘዝበት ደብልዩኤስ2812ቢ ነው።

መርገብገቡን ለማየት እርሳስ ይበቃል። ክፍሉን አጨልሙና መብራቱ ፊት እርሳስ ቶሎ ቶሎ አወዛውዙ። እርሳሱ እንደ ጭስ ተዘርግቶ ከታየ ደህና ነው። ተቆራርጦ ብዙ እርሳስ ከመሰለ ይርገበገባል። የስልክ ካሜራም ያሳያል። ግን ካሜራው ዓይን የማይለየውንም ስለሚይዝ ሰውን በከንቱ ያስደነግጣል።

ከጥዱ ልጀምር። ኤሌክትሪካችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የኔ ርካሽ ዘለላ የሚበራው በአንዱ አቅጣጫ ሲሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 50 ጊዜ ይበራል፣ 50 ጊዜ ይጠፋል። ሁለቱንም አቅጣጫ የሚጠቀም ቢሆን 100 ጊዜ ይበራ ነበር፤ ያኔ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ብልጭታውን እንዲያለሰልስ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚያቆይ ዕቃ) ልጨምርበት አስቤ ጎረቤታችንን ጋሼን አማከርኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ተይው» አሉኝ።

ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ገባኝ። 220 የምንለው ቮልት ጫፉ ላይ ሲደርስ 311 ገደማ ነው። ካፓሲተሩ ያንን ጫፍ ይዞ ያቆየዋል። ለዚያ ያልተሠሩት አምፖሎች ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። ስለዚህ አልነካሁትም። ማንም አፍጥጦ በማያየው ቦታ፣ የግቢው በር ላይ ሰቀልኩት። ለጥዱ በአዳፕተር የሚሠራ ሌላ ገዛሁ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ይሄው የበሩ ዘለላ ድንገት ፈዘዘ። ዲቫይደሩ ላይ በቴስተር ለካሁ። ጠዋት 218 የነበረው 187 ቮልት ሆኗል። ለካ ጎረቤት እንጀራ እየጋገረ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። የበረንዳው መብራት ግን ንቅንቅ አላለም። አዳፕተሩ የሚገባበት ቮልት ቢወርድም የሚያወጣውን 12 ቮልት አይለቅም።

ይሄንን ሳይ የዲመሩ፣ ማለትም የብርሃን መቀነሻው፣ ነገርም ተገለጠልኝ። የበረንዳውን ብርሃን ለመቀነስ ከአዳፕተሩ በፊት፣ 220ው መስመር ላይ፣ የድሮ የግድግዳ ዲመር አስገብቼ ነበር። ዲመሩ ኃይሉን ሊቀንስ ይቆርጣል፤ አዳፕተሩ ደግሞ እንደ ምጣዱ ጊዜ 12ቱን ላለመልቀቅ ይታገላል። ስለዚህ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ባዞረውም ምንም አይቀንስም። ትንሽ ሳልፍ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። ሌላም አለ። ዲመሩ ውስጥ ያለው ትራያክ፣ ኤሌክትሪኩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል፣ ተከፍቶ ለመቆየት በቂ ጭነት ይፈልጋል። የኔ ዲመር ላይ የተጻፈው ከ60 ዋት በላይ ነው። የኔ መብራት በሜትር 4.8 ዋት ነው፤ 5 ሜትሩ በሙሉ 24 ዋት ብቻ። አጠገቡ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል ስሰካ መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ግን 24 ዋት ለማደብዘዝ 60 ዋት ማቃጠል ምን ይሉታል?

መፍትሔው ቦታውን መቀየር ነበር። የድሮውን ዲመር ነቀልኩት። ከመርካቶ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ዲመር አምጥቼ በአዳፕተሩና በመብራቱ መካከል አስገባሁ። ይሄኛው አዳፕተሩን አይጨቀጭቀውም። መብራቱን ዓይን ከሚከታተለው በላይ ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ፣ የሚበራበትን ጊዜ ያሳጥራል። አሁን እስከ ጧፍ ብርሃን ድረስ ይወርዳል። ያየሁ ዕለት ብቻዬን ጮህኩ።

የበረንዳው ጫፍ ብቻ ቀልቶ ፈዞ ቀረ። መነሻው ላይ 12.1፣ መጨረሻው ላይ 10.3 ቮልት ለካሁ። ቀጭኑ መዳብ መንገድ ላይ ይበላዋል ማለት ነው። ወፈር ያለ ገመድ ከአዳፕተሩ ስቤ መጨረሻውንም መገብኩት። አለቀ።

ኮከቡ ሁለት ሳምንት በላኝ። 50 አምፖሎች፣ የሚያዛቸው ኢኤስፒ32 የሚባል በኮድ የሚሠራ ትንሽ ቺፕ። ያለ ምክንያት ሰማያዊና አረንጓዴ ይረጫል። ኮዱን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። መጋጠሚያዎቹን እንደገና በየድኩ፣ ናስትሮውንም ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ የአምፖሉን መግለጫ ወረቀት አነበብኩ። መጀመሪያ ማንበብ የነበረብኝ እሱን ነው። መልእክቱን «በርቷል» ብሎ እንዲቀበል ከሚመገበው ቮልት 0.7 እጥፍ ይፈልጋል፤ በ5 ቮልት 3.5 መሆኑ ነው። ኢኤስፒ32 የሚያወጣው ግን 3.3 ነው። አንዳንዴ ይሰማዋል፣ አንዳንዴ ይስተዋል።

መልእክቱን ወደ 5 ቮልት ከፍ ለማድረግ የሚሆን ቺፕ አለ፤ 74ኤኤችሲቲ125 ይባላል። የጠየቅኩባቸው ሱቆች አልነበራቸውም። ከተበላሸ ሬዲዮ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ነቅዬ የመጀመሪያውን አምፖል ብቻ በእሱ በኩል መገብኩት። ዳዮዱ 0.7 ቮልት ገደማ ስለሚቀንስ አምፖሉ 4.3 ያገኛል። የሚፈልገው መልእክትም ወደ 3 ቮልት ይወርዳል። እሱ የሰማውን ጠንከር አድርጎ ለሁለተኛው ያቀብላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮከቡ አንዴም አልሳተም።

ኮከቡ ቀስ ብሎ የሚደበዝዝ እንዲሆን ደግሞ ኮዱ ውስጥ ብርሃኑን የሚወስነውን ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ማረም ነበረብኝ። ከ255 ወደ 128 ሳወርደው ምንም የቀነሰ አይመስልም። ዓይናችን ብርሃንን በእኩል መጠን አይቆጥርም። ለዓይን ግማሽ የሚመስለው 56 አካባቢ ነው። ታች ስንደርስ ደግሞ ከ2 ወደ 1 መውረድ ግማሹን በአንዴ መጣል ነው፤ እርምጃው ይታያል። እኔ 4 ላይ አቆመዋለሁ።

የገና ዋዜማ እማዬ ቡና አፍልታ ሳሎን ተቀመጠች። መብራቱን ዝቅ አድርጌው ነበር። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ «ጨለመ እኮ፣ ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለችኝ። ቁልፉን አሳየኋትና ራሷ አዞረችው። ለጥምቀት ኮከቡን በባትሪ አድርጌ የግቢው በር ላይ ልሰቅለው ነው። 50ው አምፖል በሙሉ ነጭ ሲበራ 3 አምፔር ስለሚፈልግ አሁን ባትሪ እያሰላሁ ነው።