ጠላ የገባበት ወጥ፦ ከጌንት እስከ ደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን እናቴ ጓዳ ገብቼ ወጥ ድስት ውስጥ ጠላ ስገለብጥ ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ይሄ ነገር አያሰክርም?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ አያልቅም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

የምኖረው ቤልጂየም፣ ጌንት ከተማ ነው። እንደ ብዙዎቻችን የጀመርኩት ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ በማጠብ ነው። ከዚያ ወደ ሽንኩርት መላጥ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ወደ ምድጃው ተጠጋሁ። እዚያ ጓዳ ውስጥ መጠጥ ከዘይትና ከጨው ጎን ነው የሚቀመጠው። ጠቆር ያለው ቢራ ለበሬ ሥጋ ነው። ነጭ ወይን ለዓሣና ለሩዝ ነው። ኮኛክ ደግሞ መረቁ ላይ ጠብ ይላል። ሁሉም በልክ ነው የሚገባው።

የፍላንደርስ ሰዎች ስቶፍሌስ የሚሉት ወጥ አላቸው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ካርቦናድ ይሉታል። ከባድ ሥራ የለውም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሥጋው ሙዳ ሙዳ ተደርጎ ይቆረጥና በቅቤ ጠበስ ይላል፣ ከዚያ ይወጣል። በዚያው ድስት ብዙ ሽንኩርት ይቁላላል። ድስቱ ሥር ቡናማ ነገር ይዞ ይቀራል። ሰው «አረረ» ብሎ የሚያዝንበት ነገር፣ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ቢራው ሲፈስበት ጭስ ብሎ ይለቃል፤ በእንጨት ማንኪያ ፋቅ ፋቅ ይደረጋል። ሥጋው ይመለሳል። ጦስኝ ይጨመራል። ከላይ ደግሞ ሰናፍጭ የተቀባ ቁራሽ ዳቦ ይጣልበታል። ዳቦው እየሟሟ መረቁን ያወፍረዋል። በመጨረሻ ትንሽ ቡናማ ስኳር የቢራውን መራራነት ያለዝበዋል።

ይህን ወጥ መጀመሪያ ሲሠራ ሳይ ልቤን የነካው ሰናፍጩና ጦስኙ ነው። ሰናፍጭ በጾም እየተፈጨ ያደግሁበት ነገር ነው። ጦስኝ ደግሞ የመንዝና የጣርማ በር ደጋ ሽታ ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ ሴቶች እየያዙት ይቀመጣሉ፤ እኛ ሻይ ውስጥ እንከተዋለን። የአውሮፓው ጦስኝ የኛው ዘመድ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። የኛው የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚያበቅለው ዝርያ ነው፤ ሽታውም ለኔ አፍንጫ ይበረታል። ያን ጊዜ ነው «ይሄን ወጥ አገሬ ወስጄ መሥራት አለብኝ» ያልኩት።

የምመጣው አብዛኛውን ጊዜ ለገና ነው። ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል፤ ትኩስ ነገር የሚፈለግበት ወቅት ነው። ቢራ ደብረ ብርሃን አያጣም። ሐበሻም ዳሽንም እዚያው ከተማ ፋብሪካ አላቸው። በነሱም ይሠራል። ግን ቀለማቸው ፈካ ያለ፣ ሰውነታቸው ቀለል ያለ ነው። ወጡ ጥሩ ሆኖ አንድ ነገር የጎደለው ይመስላል። የተቆላ እህል ጣዕም ነው የጎደለው።

ያ ጣዕም ያለው እናቴ ጋን ውስጥ ነበር። እንኩሮው ጠቆር እስኪል ታምሶ፣ ጋኑ በወይራ ታጥኖ የተጠመቀ የገብስ ጠላ።

«እማዬ፣ ከጠላው ትንሽ ቅጂልኝ» አልኳት።

«ምን ልታደርጊው ነው በዚህ ጠዋት?»

«ወጥ ልሠራበት።»

«ጠላ ይጠጣል እንጂ ይበላል እንዴ?» አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ «አክስትሽ እኮ ለዶሮ ወጥ ቁሌቱ ላይ ጠጅ ጠብ ታደርግበት ነበር። ደግሞ ይጣፍጥላት ነበር» አለችኝ።

ተቀዳልኝ። ሥጋው ውስጥ የገባው የተቆላው ገብስ ጣዕም ብቻ አልነበረም፤ የወይራው ጭስም አብሮ ገባ። ጌንት ውስጥ ይህን የሚሰጥ ቢራ እስካሁን አላገኘሁም። በጠላ ለሚሞክር ሰው ምክሬ ይህ ነው። ጉሹን ተዉት፣ የጠለለውን ውሰዱ። የኮመጠጠ ጠላ መረቁን ያበላሻል፤ አዲስ የደረሰው ነው የሚሻለው። ጌሾው ሲከማች ይመራል፤ ስለዚህ ግማሹ ጠላ፣ ግማሹ የአጥንት መረቅ ይሁን። በስኳር ፈንታ አንድ ማንኪያ ማር ይበቃዋል።

ጌንት ውስጥ ሥጋው ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ያልፋል። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ እዚያ ከ90 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይፈላል። የሚንተከተከው ወጥ ከጌንቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው ማለት ነው። ሥጋው ስለዘገየ እሳት ማብዛት ምንም አይጠቅምም። መታገሥ ነው። በፕሬዠር መሥራት የሚፈልግም አለ። ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቶ ጠላውን ወይም ቢራውን በደንብ ማንተክተክ ያስፈልጋል። ከተከደነ በኋላ እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው አልኮሉም እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። «አልኮል በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ከውሃው ቀድሞ በኖ ያልቃል» የሚል ነገር ጌንትም ደብረ ብርሃንም ሰምቻለሁ። እንደዚያ አይደለም። ከውሃ ጋር ከተዋሐደ በኋላ እየተለየ አይወጣም፤ አብረው ነው የሚተኑት። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በዚህ ላይ ያወጣው ሰንጠረዥ አለ። ወጥ ውስጥ ገብቶ 15 ደቂቃ ከተንተከተከ 40 በመቶው እዚያው አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ 25 በመቶ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ 5 በመቶ ይቀራል። ግማሽ ሊትር ቢራ ውስጥ 25 ሚሊ ሊትር ገደማ አልኮል አለ እንበል። ረጅም የተቀቀለ ወጥ ውስጥ የሚቀረው አንድ ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ለስድስት ሰው ሲካፈል ማንንም አያሰክርም። ግን ባዶ ነው ማለትም አይደለም። «ምንም የለውም፣ ብሉ» ብሎ ለሰው ማቅረብ ልክ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ የራሳችን አዋዜ ነው። በርበሬ በአረቄ ወይም በጠጅ ስናሽ እሳት የሚባል ነገር አያየውም። የገባው አረቄ ሁሉ እዚያው ነው ያለው። ጣዕሙ የሚያምረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አልኮል ውሃ የማያወጣውን የቅመም ሽታ ያወጣል። ዳግም አረቄ ሲሆን ደግሞ ይበረታል። ለትልቅ ሰው ጥሬ ሥጋ ማጥቀሻ ሲሆን ምንም አልልም። ሕፃን እንጀራውን እያጠቀሰ ሲበላ ግን ዝም ብዬ አላይም። ለልጆች በውሃና በዘይት የታሸ ለብቻው ይዘጋጅ።

አረቄ ትኩስ መጥበሻ ላይ ማፍሰስም ደብረ ብርሃን ቤቶች እያየሁ ነው፤ ከቪዲዮ የተማሩት ይመስለኛል። እሳቱ ቦግ ሲል ያምራል። ግን በዚያ ነበልባል የሚጠፋው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ምግቡ ላይ ይቀራል። ደግሞ አደጋ አለው። ከጠርሙሱ በቀጥታ ማፍሰስ በፍጹም አይገባም፤ እሳቱ ተከትሎ ጠርሙሱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በብርጭቆ ለክቶ፣ መጥበሻውን ከምድጃው አውርዶ ነው የሚጨመረው። ነጠላ የለበሰ ሰው ደግሞ ባይጠጋ ይሻላል።

ስለ ወይን በአጭሩ። አክሱሚት ጣፋጭ ስለሆነ መረቁ ሲወፍር እንደ ሽሮፕ ይሆናል። ለሥጋ ጉደር ይሻላል። በአሉሚኒየም ድስት አትሥሩት፤ የወይኑ አሲድ ብረቱን እያሟሟ መጥፎ ጣዕም ያመጣል። የሸክላ ድስት ወይም ስቲል ይሁን።

አንድ ነገር ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። ስደት መጠጥን ለሰው ያቀርባል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የሚጨልምበት ክረምት፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ባዶ ክፍል። ቢራው ደግሞ ከውሃ በማይበልጥ ዋጋ ሱቅ ተደርድሯል። ስንት የአገሬ ልጅ በዚህ መንገድ ሲያልፍ አይቻለሁ። አንድ የመንዝ ልጅ ወዳጅ አለኝ፤ በብዙ ትግል አቁሟል። ገናን ጌንት እኔ ቤት ስናከብር ስቶፍሌስ እንደምሠራ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እኔ ሽታውንም አልችለውም» አለኝ። 5 በመቶ፣ 40 በመቶ የሚባለው ለሱ ምንም ትርጉም የለውም። ሽታው ራሱ ይጣራል።

ለሱ ብዬ ያገኘሁት መላ ይህ ነው። ገብስ ልክ እንደ አሻሮ ጠቆር እስኪል ቆላሁ። ውሃ ውስጥ አፍልቼ አጠለልኩት። አልተጠነሰሰም፤ ስለዚህ አልኮል የለውም። ትንሽ ሎሚ ለኮምጣጣነቱ፣ ትንሽ ማር ለልስላሴው። ሥጋው በዚህ ተቀቀለ። ሽታው የእናቱን ቤት ምጣድ እንዳስታወሰው ነግሮኛል። ሁለቴ ነው ያስጨመረው።

አሁን ደብረ ብርሃንም እንደዚሁ ነው የማደርገው። የሸዋ ሮቢት ተወላጅ የሆኑ ሙስሊም ጎረቤት አሉን፤ እናቴና እሳቸው የልጅነት ወዳጆች ናቸው። ለሳቸው ሥጋውም ከራሳቸው ሥጋ ቤት ነው የሚመጣው። ድስቱና ማንኪያው ደግሞ ከቤታቸው ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ሳልጠይቃቸው እናቴ ናት «ልጄ፣ የሳቸውን ለብቻ አድርጊ፤ ጠላው ያለበትንም ከሩቅ አስቀምጪው» ያለችኝ። የሳቸው በነጭ ቅብ ድስት ይወጣል። የኛ በሸክላው ይቀመጣል። እንግዳ ከመቁረሱ በፊት የትኛው ምን እንዳለበት ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ጎረቤታችን ባለፈው ከነጩ ድስት ቀምሰው «ገብሱን ስንት ሰዓት ነው የምትቆዪው?» ብለው ጠየቁኝ። የሰዓት ሳይሆን የቀለም ጉዳይ ነው፤ ቡና ሊመስል ሲል ማውጣት ነው አልኳቸው።