ቦርከና አንድ ወንዝ አይደለም

ኮምቦልቻ ውስጥ ስለ ቦርከና ወሬ ከተነሳ የምሰማው መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «እሱማ አብቅቶለታል።» እኔ ግን አልስማማም። ከደሴ በላይ ከተራራው ሲወርድ፣ ከተማውን ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል ሲወረወር፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሲደርስ፣ ኋላም ጨፋ ረግረግ ውስጥ ሲተኛ ቦርከና አንድ ዓይነት ውሃ አይደለም። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ሁሉንም አብረን እየቀበርነው ነው።

ደሴ እያደርኩ ኮምቦልቻ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ስለ ወንዝ ጥበቃ ስናነብ አሜሪካኖች ያላቸውን አሠራር አገኘን። እ.ኤ.አ. በ1968 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት የወንዝ ጥበቃ ሕግ ስምንት ወንዞችን ይዞ ነው የጀመረው። እኔን የሳበኝ ግምገማው ነው። ወንዙን እንዳለ አይመዝኑትም፤ ከዚህ እስከዚህ እያሉ ይከፍሉታል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጥያቄ አለ። ውሃው ሳይገደብ፣ መስመሩ ሳይቀየር ይፈሳል ወይ? ደግሞስ በዳርቻው ከአካባቢው ወንዞች ልዩ የሚያደርገው ነገር አለ ወይ? መልክዓ ምድር ሊሆን ይችላል፣ የድንጋዩ አፈጣጠር፣ ዓሣ፣ የዱር እንስሳ፣ ታሪክ፣ ባህል። አንዱ ብቻ በቂ ነው።

ሁለቱን ጥያቄዎች ያለፈ ክፍል ከሦስት ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። በእግር ካልሆነ የማይደረስበትና ውሃው ያልተበከለው ከፍተኛውን ያገኛል። መንገድ አልፎ አልፎ የሚነካው ቀጥሎ ነው። ሦስተኛው ደረጃ አውራ ጎዳና ወይም ባቡር አጠገቡ ላለ፣ ዳርቻው ላይ ሰው ለሰፈረበት ወንዝ ነው። ይህን ሳነብ ልቤ ወደ ዶሮ መዝለያ ሄደ። አስፋልቱ ከወንዙ ጎን ነው የሚወርደው፤ እኛ ደግሞ መንገድ የገባበትን ቦታ ተፈጥሮ ብለን መቁጠር ትተናል። በዚያ ሕግ ግን መንገድ ብቻውን ወንዝን አይጥልም።

ዶሮ መዝለያን በሚኒባስ ስታልፉ አንዴ ከስልካችሁ ቀና በሉ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በስምጥ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከዚያ ስምጥ ውሃው የሚወጣው በዚህ ጠባብ በር ነው። ቦርከና ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየቦረቦረ ከ2,400 ሜትር በላይ ካለችው ደሴ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ወዳለችው ኮምቦልቻ ይወርዳል። እኔና ተማሪዎቼ ለቦርከናም በየክፍሉ እንዲህ ያለ የግምገማ ቅጽ ልንሞላ አስበናል፤ በቅጹ የድንጋይ አፈጣጠር ረድፍ ላይ ይህን ክፍል ሳላመነታ ነው የምሞላው።

ባህልን የሚያህል ረድፍ ግን የለም። ከደሴ በላይ አንዲት ጅረት ዳር ውዱእ የሚያደርጉ አባት አግኝቼ ነበር። «አባቴ፣ ይቺ ውሃ ስም አላት?» አልኳቸው።

«ስም የሌለው ውሃ የት አለ ልጄ? እናንተ አትጠይቁም እንጂ።»

የአምስት ምንጭ ስም ነገሩኝ። የትኛው ለከብት፣ የትኛው ለሰው እንደሚቀዳ፣ በድርቅ የትኛው እንዳልነጠፈ ጭምር። አንዱንም በካርታ ላይ አይቼው አላውቅም። እንዲህ ያለውን እውቀት የያዙት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እኔን የሚያስቸኩለኝም ይሄ ነው።

አንድ ባልደረባዬ «ውሃ የጠማው አገር ግድብ ይከልከል ልትል ነው?» ብሎኛል። አላልኩም። የአሜሪካው ሕግ በተመረጠው ክፍል ላይ የኃይል ማመንጫ ግድብ ይከለክላል፤ የእኛ ችግር ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ወንዝ የሚጎዳው በፍሳሽ፣ በቆሻሻ፣ ዳርቻው ድረስ በመታረሱ፣ በአሸዋና በድንጋይ ቁፋሮ ነው። ለብክለቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የጎደለን የትኛው ክፍል ምን እንደያዘ የሚያሳይ መዝገብ ነው። መዝገብ ከሌለ አንድ ሰው ገና ንጹሕ የሆነ ጅረት ላይ ቱቦ ሲያስገባ ምን እንደጠፋ ማን ያስረዳል?

የኮምቦልቻውን ክፍልም አልተውም። በከተማው ውስጥ የሚያልፉት ትንንሽ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብለው ቦርከና ውስጥ ይገባሉ፤ ታች ደግሞ ገበሬው በዚያ ውሃ አትክልት ያጠጣል፤ የተረፈው ወደ አዋሽ ይቀጥላል። ይህ ክፍል ዛሬ ለጥበቃ ደረጃ አይመጥንም። በቅጹ ላይ ግን የት ቦታ ላይ እንደተበላሸ ይጻፍ።

ከተማሪዎቼ ጋር ቅጹን መሙላት የምንጀምረው ከወንዙ ላይኛው ጫፍ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መሆን አለበት፤ ጎርፍ ከመጣ የትኛው ምንጭ በራሱ እንደሚፈስ አይለይም። የመጀመሪያው ክፍል ከምንጩ ተነስቶ የመጀመሪያው የፍሳሽ ቱቦ እስከሚገባበት ድረስ ነው።