ከውሻው ጎን የተቀመጠው ረሃብ

እናቴን ስለ ወሎ ረሃብ ስጠይቃት መጀመሪያ የምታነሳው ውሻውን ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ከሰፈሩ ሰው ጋር ተጨናንቃ ያየችው ፊልም ነው። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ፊልሙ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ነው። በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ሕዝቡ አይቶ ገንዘብ አዋጣ። አዲስ አበባ የታየው ግን ፊልሙ እንዳለ አልነበረም። ደርግ በረሃብተኞቹ መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣና ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል አስገብቶበታል።

እኔን የሚያስገርመኝ ከምስሎቹ አንዱም ውሸት አለመሆኑ ነው። ወሎ ተርቧል፤ መንግሥትም ነገሩን አፍኖታል። ግብዣው ተደግሷል፤ ውሾቹም በልተዋል። ተራኪው «ንጉሡ ጨካኝ ናቸው» ማለት እንኳ አያስፈልገውም። ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጡለት ተመልካቹ ራሱ ይፈርዳል፤ ራሱ የፈረደውን ደግሞ ማን ያስጥለዋል? አንድ ቀን እናቴን «እማዬ፣ እሱን እኮ ያገጣጠመው ደርግ ነው» ብላት፣ «ታዲያ ውሻው ሥጋ አልበላም ነው የምትለኝ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ! በልቷል እኮ።

የድርቁ ነገር፣ የመሬቱ ስሪት፣ ጭሰኛው ከምርቱ ለባለመሬት የሚያስረክበው፣ እያዩ ዝም ያሉት የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት፣ እነዚህን በካሜራ ማሳየት ከባድ ነው። ውሻ ማሳየት ቀላል ነው። ለዚህ ይመስለኛል እናቴ ከዚያ ሁሉ ሰው ይልቅ ውሻውን የምታስታውሰው።

ከዚያ አሥር ዓመት አለፈ። መስከረም 1977 አዲስ አበባ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በቀይ ባንዲራና በነማርክስ ምስል አሸብርቃ፣ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። የአገር ቤቱ ዜና የሚያወራው ስለ ሰልፉና አዲስ ስለተመሠረተው ፓርቲ ነበር። እንግዲህ ድግሱም አለ፣ ረሃቡም አለ፤ ሁለቱን የሚያገጣጥም ግን አልተገኘም፣ መቀሱ በደርግ እጅ ነበራ!

ነገሩን ዓለም ያየው ጥቅምት 13 ቀን፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ይዘውት በወጡት ዘገባ ነው። በርክ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የታየ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ረሃብ ነው አለው። ያ አነጋገር ስንቱን አስለቅሷል፤ እህልና መድኃኒትም አስመጥቷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ለተደረገው ታላቅ ኮንሰርት መንገድ የከፈተውም ያው ዘገባ ነው። ግን መቅሠፍት ከሰማይ ነው የሚወርደው፣ ተጠያቂ የለውም። በትግራይና በኤርትራ የሚካሄደው ጦርነት፣ እህል ወደ ተራበው እንዳይደርስ መንገድ የዘጋው እሱ፣ በብዙ ሰው ዓይን ወደ ዳር ተገፋ።

አንዳንዴ ሳስበው፣ ለንደን ያለችው አሮጊት የሁለት ወገን ጦርነት ነው ብለው ቢነግሯት ኖሮ ከጡረታዋ ላይ ቆርሳ የምትልክ አይመስለኝም። እኔም ያን ቀን ኮረም ማይክራፎን ይዤ ብቆም፣ የጦርነቱን ወሬ ለሌላ ቀን የማቆየው ይመስለኛል።