ቶርኖው በሐራጅ፣ ጀነሬተሩ በዝግ ጨረታ

አንዱን የማምረቻ መስመራችንን ስንዘጋ ትርፍ የሆኑትን ዕቃዎች የማስወገዱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ዝርዝሩ ሁለት ቶርኖዎች (የብረት መቅረጫ ማሽኖች)፣ አንድ ጀነሬተር፣ አንድ ፎርክሊፍት፣ የብየዳ ማሽኖች፣ መደርደሪያዎችና የቢሮ ዕቃዎች የያዘ ሲሆን፣ ሁሉንም በአንድ ቀን በሐራጅ ሸጬ መጋዘኑን ለማስረከብ አቀድኩ።

የቢሮ ዕቃው፣ መደርደሪያውና የብየዳ ማሽኖቹ እንዳሰብኩት ተሸጡ። ፈላጊያቸው ብዙ ነው፤ ዋጋቸውን ለመገመትም ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ አንዱ ሲጨምር ሌላውን እልህ ይይዘዋል። የትልቁ ቶርኖ ተራ ሲደርስ ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። ማሽኑን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ጠዋት በር ላይ አብረው ቆመው ሲጨዋወቱ አይቻቸዋለሁ። አንዱ በመነሻ ዋጋው ላይ ጥቂት ጨመረ፣ ሁለቱ ወደ ስልካቸው አቀረቀሩ፣ መዶሻው ወረደ። መመካከራቸውን ማረጋገጥ አልችልም፤ ባይመካከሩም እንኳ በሐራጅ አሸናፊው የሚከፍለው ዕቃው ለእሱ የሚያወጣለትን ያህል ሳይሆን ሁለተኛው ተፎካካሪ ካቆመበት ጥቂት ከፍ ያለውን ነው። ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ ተጫራቾቹ በተመሳሳይ ደረጃ ላይ ያሉና የማይመካከሩ ከሆኑ ሐራጅና ዋጋ በታሸገ ኤንቨሎፕ የሚቀርብበት ዝግ ጨረታ በአማካይ እኩል ገቢ እንደሚያስገኙ አሳይቷል። የእኔ ሦስት ሰዎች ግን ከዚህ ስሌት ውጪ ይመስሉኝ ነበር።

ስለዚህ ቀሪዎቹን ትልልቅ ዕቃዎች ከሐራጁ አውጥቼ ዋጋቸው በታሸገ ኤንቨሎፕ እንዲቀርብ አደረግሁ። በዚህ ስልት ተጫራቹ ማን እንደሚፎካከረው አያውቅም፤ እንዳይበለጥ ስለሚሰጋም ከአቅሙ ብዙ ዝቅ ለማለት ይፈራል። በአንጻሩ ዕቃውን በደንብ ማየት ይፈልጋል። የጀነሬተሩን የስም ሰሌዳና የሥራ ሰዓት ቆጣሪውን ፎቶ ከሰነዱ ጋር አያይዤ፣ ለጉብኝት ቀን ደግሞ እንዳያሳፍረኝ ቀደም ብዬ አስነስቼ አሙቄው ነበር። አንድ አዛውንት መካኒክ መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ ይሄ ዛሬ ጠዋት ሲሠራ ነበር አይደል?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ጎብኚዎች ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቅኋቸው፤ ቀዝቅዞም ያለ ችግር ተነሣ። ጀነሬተሩም ሁለተኛው ቶርኖም ከጠበቅሁት በላይ አወጡ።

ፎርክሊፍቱ ላይ ተሳሳትኩ። ከሌሎቹ እጅግ ከፍ ያለ ዋጋ ያቀረበው አሸናፊ፣ የማስጫኛ ወጪው የማን እንደሆነ ጠይቆ የእሱ መሆኑን ሲሰማ ግዢውን ተወ። የጨረታ ማስከበሪያ፣ ማለትም አሸናፊው ግዢውን ቢተው የሚቀርበት ማስያዣ ገንዘብ፣ አላስያዝኩም፤ ስለ ማስጫኛውና ስለ መረከቢያው ቀን በሰነዱ የጻፍኩት አንድ መስመር እንኳ አልነበረም። ወደ ሁለተኛው ተጫራች ስደውል ሌላ ገዝቷል። ፎርክሊፍት ደግሞ እንደ ቶርኖ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚፈልጉት ዕቃ ባለመሆኑ፣ ከመነሻውም ከሐራጁ ማውጣት አልነበረብኝም። ዝቅተኛውን የመሸጫ ዋጋ ወስኜ፣ ማስያዣ አስይዤና ማስጫኛው የገዢው መሆኑን አስቀድሜ አስታውቄ በሌላ ሐራጅ አቀረብኩት፤ ገዢው የዚያኑ ዕለት ራሱ እየነዳ በመወጣጫው ወደ መኪናው አስገባው።